የሞተር ብስክሌታችን ነገርና በልጃችን ላይ የፈረድነው ፍርድ

እኛ በደብረ ብርሃን ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምንተዳደር፣ ዕድሜያችን አርባን የተሻገረ ሰው ነን። ይህን ስንጽፍ መካኒክ ነን ለማለት አይደለም። ፊደልና ዳዊትን ከየኔታ እግር ሥር፣ ቍጥርንና የተፈጥሮን ነገር ከሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረናል፤ የዕለት ሥራችን ግን ሰዎች የተካሰሱበትን ቃል አጥርቶ መጻፍና መዝገብ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ በቤታችን ውስጥ አንድ ክስ ተነሥቶ፣ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም እኛው ሆነን ስለ ተገኘን፣ የነገሩን አካሄድ ለቤተ ሰብ አባቶች ማስነበብ ይገባናል ብለን አሰብን።

ሞተር ብስክሌቱን የገዛነው አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ንብረቶችን በጨረታ ሲሸጥ ነው። የጃፓን ሥራ ነው፤ ጕልበቱ የ125 ነው፤ ከእኛ አስቀድሞ ብዙ ሰው ተቀምጦበታል። የሰፈራችን ልጆች ድምፁን ከሩቅ ለይተው «የጸሐፊው ዶቅዶቄ መጣች» ይላሉ። በዚህ ዘመን ከፋብሪካ ከሚወጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ እየለኩ የሚረጩ ናቸው፤ የእኛው ግን በጥንቱ ካርቡራተር የሚሠራ ነው። ስለዚህ ችግሩን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያሻም፤ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ አንድ ባዶ ጠርሙስና ትዕግሥት ይበቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጐድሎን የነበረው የመጨረሻው ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት አልፎ መስከረም 2012 በጠባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በማደያው ሰልፍ በዝቶ ስለ ነበረ፣ የ17 ዓመት ልጃችንን ገንዘብ ሰጥተን ቤንዚን እንዲያስሞላ ላክነው። ሞልቶ መጣ። በማግሥቱ ባለቤታችንን ከኋላ አስቀምጠን፣ የታመሙት እናቷ ወደሚኖሩበት መንደር በአንኮበር መንገድ ወጣን። መድኃኒታቸውም በእርሷ ቦርሳ ውስጥ ነበረ። ከከተማ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ እንደ ደከመ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፈራግጦ ቆመ። መክደኛውን ከፍተን አየን፤ ቤንዚኑ እስከ አፉ ሞልቷል። ጥቂት ቆይተን ብንረግጠው ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ቆመ። እንዲህ እያለ መሸ። የደብረ ብርሃንን የማታ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለቤታችን የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ መድኃኒቱ ከሰዓቱ ዘግይቶ ደረሰ። በእናቷ ላይ ክፉ ነገር ባይደርስም እኛ ያን ሌሊት በቍጣ ሳንተኛ አደርን።

በማግሥቱ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን የገንዳ መፍሰሻ ብሎን ፈታን። ገንዳ የምንለው ቤንዚኑ ወደ ሞተር ከመግባቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ትንሽ ጽዋ ነው። የወረደውን በነጭ ብርጭቆ ተቀብለን ወደ ብርሃን ብናይ፣ ከሥሩ አራት አምስት የውሃ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተኝተዋል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ምንጊዜም ከታች ይተኛል። ከዚህ በኋላ ሌላ ማስረጃ አልፈለግንም። ልጃችንን ዘመዶች በተቀመጡበት ጠርተን፣ «ውሃ የተቀላቀለበት ርካሽ ቤንዚን ከመንገድ ላይ ገዝተህ ትርፉን ኪስህ ከተትህ» አልነው። «አባባ፣ ከማደያው ነው ያስቀዳሁት፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አለ። እኛም «እግዚአብሔርን አትጥራ» ብለን አፉን ዘጋነው፤ የወሩን የኪስ ገንዘብ 300 ብርም ከለከልነው። ልጁ ምንም ሳይመልስ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም አክስቱ ቤት ያድር ጀመር።

ባለቤታችን ሦስት ቀን ዝም ብላ ቆይታ በአራተኛው፣ «አንተ መልስ ሳትሰማ ነው የፈረድኸው። በመሥሪያ ቤትህ እንዲህ ይደረጋልን?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ገንዳውን አጥበን፣ አሮጌውን ቤንዚን አውጥተን፣ እኛው ራሳችን ሰልፍ ቆመን ከማደያው አስሞላን። በዚህም ቀን ሞተሩ ከቀድሞው ይልቅ ፈጥኖ ቆመ። ልባችን መጠራጠር የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ በገዛ እጃችን ያስቀዳነውን ቤንዚን ልጁ አልነካውምና። የኔታ ተማሪ ንባቡን ሲስት ከሳተበት ቦታ እንዲቀጥል አይፈቅዱም ነበር፤ ከመጀመሪያው ፊደል ያስጀምሩታል። እኛም ነገሩን ከፊደሉ ለመጀመር ቈረጥን።

የካርቡራተርን ጠባይ የተረዳነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ነው። አንድ መምህር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀጭን የመቃ ቍራጭ አቁመው፣ በሌላ መቃ ከአፉ በላይ አግድም እፍ ሲሉበት፣ ውሃው ሽቅብ ወጥቶ እንደ ጕም ይረጭ ነበር። በጠባብ መተላለፊያ የሚሮጥ ነገር ግፊቱ ይቀንሳል፤ የኢጣልያው ሊቅ ቬንቱሪ ይህን የፈሳሽ ጠባይ በ1797 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በጽሑፍ ገልጦት ነበረ፤ ጀርመናዊው ማይባህ ደግሞ በ1893 ቤንዚንን በቀጭን አፍንጫ የሚረጭ ካርቡራተር ሠራ። ሞተሩ አየር ሲስብ ቤንዚኑ ከገንዳው በናስ ቀዳዳዎች ተስቦ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። በገንዳው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲጐድል ወርዶ በሩን ይከፍታል፤ ሲሞላ ተነሥቶ ይዘጋል። ከጋኑ እስከ ገንዳው ግን የሚገፋ ፓምፕ የለም፤ ቤንዚኑ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር እያወቅነው ስለ እርሱ አለማሰባችን ዛሬም ይገርመናል።

አንድ የሠፈራችን መካኒክ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን በዝቶበት ይሆናል አለን። ነገሩ በራሱ እውነት ነው፤ ደጋ ላይ የናሱን ቀዳዳ በአነስተኛ የሚለውጡ አሉ። ነገር ግን ቤንዚን የበዛበት ሞተር ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ርጥብና ጥቁር ይሆናል። የእኛን ካንዴላ ሞተሩ እንደ ቆመ ወዲያው ብንፈታው ደረቅ ነበረ። ቤንዚን አልደረሰም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ካርቡራተሩን አውርደን አጠብነው። እዚህ ላይ ለአንባቢ ሁለት ነገር እንላለን። በመጀመሪያ፣ ባለቤታችን በረንዳው ላይ ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛ ነበርና፣ ዕቃችንን ሁሉ ተሸክመን ወደ ጓሮ ወጣን፤ የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋልና በዚህ ነገር ይሉኝታ አያሻም። ሁለተኛ፣ የናሶቹን ቀዳዳዎች በሽቦ መውጋት አይገባም፤ ናስ ለስላሳ ስለ ሆነ ቀዳዳው ይሰፋና የማይመለስ ጥፋት ይሆናል። በቤንዚን አጥቦ በጐሚስታ ቤት አየር መንፋት ይበቃል። ትንሿ ቀዳዳ ብትደፈን ሞተሩ ቆሞ ሳለ በቀስታ መዞር እምቢ ይላል፤ ትልቋ ብትደፈን ደግሞ በሩጫ ጊዜ ይደክማል። የእኛው በቀስታም በሩጫም ደኅና ሠርቶ ድንገት የሚቆም ስለ ሆነ፣ ቀዳዳዎቹን ብርሃን እያሳየን ብናያቸው ንጹሓን ሆነው መገኘታቸው ሊያስደንቀን አይገባም ነበር።

ቀጥሎ ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅለን ጠርሙስ ደቀንን፤ መክደኛውንም ከፍተን በጋኑ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ አየንና መክፈቻውን ዞርን። ቤንዚኑ እንደ ምንጭ ወረደ። በመክፈቻው ውስጥ ያለችውን ወንፊትም አወጣን፤ ጥቂት ዝገት ነበረባት እንጂ አልተደፈነችም። እንግዲህ ከላይ ያለው ነፃ፣ ከታች ያለውም ነፃ ሆነ። ተከሳሽ የሌለበት ወንጀል ሆነብን።

ባለቤታችን ያን ጊዜ ሳታማክረን ልጁን ከአክስቱ ቤት አስጠራችው። መጣ፤ ሰላምታ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። «ና፣ እንሞክረው» አልነው። ጋኑን ሞልተን፣ እርሱን ከኋላ አስቀምጠን፣ ጠርሙሱንና ካቻቢቴውን አስይዘን በዚያው በአንኮበር መንገድ ወጣን። በተለመደው ስፍራ ገደማ ሞተሩ ቆመ። እኛም እንደ ልማዳችን እጃችንን ወደ መክደኛው ሰደድን።

«አባባ፣ አይክፈቱት!» አለ ልጁ። «ሁልጊዜ ከፍተው ካዩት በኋላ ነው የሚነሣው። አስቀድመን ቱቦውን እንየው።»

እጃችንን መለስን። ቱቦውን ነቀለው፤ ጠርሙሱን ደቀነ፤ መክፈቻውን ዞረ። ቤንዚኑ ጥቂት ወረደና ጠብ፣ ጠብ ብሎ ቆመ፤ ጋኑ እስከ አፉ ሙሉ እንደ ሆነ ነው። ከዚያ ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ መክደኛውን ቀስ ብሎ ላላ አደረገው። አየሩ «ፉስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ እኛም ሰማነው፤ በዚያችው ቅጽበት ቤንዚኑ በኀይል ወርዶ ከጠርሙሱ አልፎ ጫማችንን አራሰው።

መክደኛውን ገልብጠን አየን። ከሥሩ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ተቈርጦ የተሠራ ክብ ጎማ ተለጥፏል። ጎማውን ያወቅነው ወዲያው ነው። በነሐሴ ወር ሞተሩ ደጅ ሲያድር ዝናብ በመክደኛው በኩል ገባበትና፣ ብልኀት ያገኘን መስሎን በባለቤታችን መቀስ የቈረጥነው፣ በገዛ እጃችን ያስገባነው ነው። በመክደኛው ውስጥ አየር የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለ፤ ቤንዚኑ በወረደ መጠን ተተኪው አየር በዚያ ይገባል። ጎማው ያን ቀዳዳ ደፈነው። አየር ካልገባ ከጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል፤ የጠርሙስን አፍ በመዳፉ ደፍኖ ከሥሩ በትንሽ ቀዳዳ ውሃ ለማውረድ የሞከረ ሕፃን ሁሉ ይህን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሁሉ በየስፍራው ገባ። ስንቆይ የሚነሣው አየሩ በጎማው ጠርዝ ጥቂት በጥቂት ስለሚሰርግ ነው። ጋኑ ሲሞላ ፈጥኖ የሚቆመው፣ በሙሉ ጋን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ትንሽ ቤንዚን በወረደ ጊዜ ግፊቱ ቶሎ ስለሚወድቅ ነው፤ ሲጐድል ግን ብዙ አየር ስላለ ረጅም ይሄዳል። ልጁ ባስሞላ ቍጥር መታመሙም ስለዚህ ነበር። እኛ ደግሞ መክደኛውን በከፈትን ቍጥር ማስረጃውን በገዛ እጃችን እናጠፋው ነበር፤ በጓሮ ያደረግነው ፈተናም ዋጋ ያጣው መክደኛው ተከፍቶ ስለ ነበረ ነው። የውሃው ጠብታም የዚያው የነሐሴ ዝናብ ትራፊ እንጂ የማደያው አልነበረም።

ጎማውን አውጥተን ቀዳዳውን በአፋችን እፍ ብለን ከፈትን። ሞተሩም ሳይቆም እስከ አማታችን ደጅ አደረሰን። እርሳቸውም ልጁን ስመው፣ «ምነው ከሳህ?» አሉት። እኛ ወደ ምድር ተመለከትን።

በዚያው ቀን ማታ፣ ያን ጊዜ የነበሩትን ዘመዶች ሁሉ እራት ጠራን። በሰው ፊት የተነገረ ቃል በጓዳ ይቅርታ አይነሣምና። ጎማውን በሣህን ላይ አስቀምጠን ነገሩን እንደ ሆነ ተናገርን፤ «ልጄ ሆይ፣ በድዬሃለሁ» አልን። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ጎማውን አንሥተው አገላብጠው አዩና፣ «ይህ ነውን ሌባው?» ብለው ሣቁ፤ ልጁ ግን አልሣቀም። 300ውን ብር ስንሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ቈጠረ፣ ጥቂት አሰበና፣ «አባባ፣ መዝገቡ ተዘግቷል ተብሎ ይጻፍልኝ» አለ።

እኛም ከቦርሳችን ወረቀት አውጥተን ቀኑን ጻፍን፤ ከሳሽ እኛ፣ ተከሳሽ እርሱ፣ ማስረጃ አንድ ክብ ጎማ፤ ተከሳሹ በነፃ ተሰናብቷል፤ መዝገቡ ተዘግቷል ብለን ፈረምንበት። እናቱ በምስክርነት ፈረመች። ልጁ ወረቀቱን አንብቦ አጠፈውና፣ «ኪሳራስ?» አለ። የዚያን ሳምንት ሞተር ብስክሌቱን እርሱ እንዲነዳ ተፈረደ።