8.9 ግራም

አያቴ ካረፈች ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ከቦርሳዋ አንድ የታጠፈ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሆስፒታል ለሲቲ ስካን ሲያስገቧት «ብረት ነገር አይፈቀድም» ብለው ከማተቧ ላይ ያስፈቷትን ነገር የያዘ ፖስታ ነው። መስቀሏንና የብር ቀለበቷን ያኔውኑ መልሰንላታል። አንዷ ግን ጥግ ላይ ተወትፋ ቀርታ ኖሯል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች እናቴ።

ርዝመቷ 6 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ከላይ ክር የሚያልፍባት ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ሥር መስቀል የሚመስል ጌጥ፣ ከዚያ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፏ ላይ ደግሞ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጎድጓዳ ማንኪያ። ብዙ ከመነካካቷ የተነሳ የመስቀሉ ጠርዝ ሟሙቷል።

ልጅ ሆና የእናቷን አንገት እንዴት አታውቅም እንዳትሉ፣ እናቴ በሰባት ዓመቷ ለትምህርት አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ መጥታ እዚሁ ነው ያደገችው። አያቴ ደግሞ ማተቧን ከቀሚሷ ሥር ነበር የምታደርገው። እኔ ጥቁሩን ክር እንጂ ጫፉን አይቼ አላውቅም።

እናቴ ትንሽ አገላብጣት ፊቷ ተለወጠ። «ዕርፈ መስቀል ትመስላለች» አለች። ቅዳሴ ላይ ደሙ የሚታደልባት፣ እጀታዋ ላይ መስቀል ያለባት ማንኪያ ማለቷ ነው። ያቺማ ከዚች ስንት እጥፍ ትልቃለች ብላት «የጥንቱ ትንሽ ቢሆንስ? ንዋየ ቅድሳት እናቴ አንገት ላይ ምን ይሠራል?» አለችኝ። የዚያን ሌሊት አልተኛችም። ሰርቃ ይሆን? አደራ ተሰጥቷት ይሆን? ለቤተ ክርስቲያን መመለስ አለባት ብላ ወሰነች። አጎቴ በበኩሉ «የሱረት ማንኪያ ናት» አለና ለሁለት ቀን አኮረፈችው። አያቴ ሱረት ስትስብ ያያት ሰው የለም።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ፤ የተማርኩት ደግሞ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው። ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ የሚለካ ነገር ፈልጌ እለካለሁ፤ ስለካው የገባኝ ይመስለኛል። መጀመሪያ ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ በምስል ፈለግኩ። የጨው ማንኪያ፣ የቅመም ማንኪያ፣ አራተኛው ላይ የኮኬይን ማንኪያ አለኝ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ስለነበር ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ከዚያ ከመርካቶ የገዛኋትን ባለ 0.01 ግራም ሚዛን አወጣሁ። 8.90 ግራም። የተሠራችበትን ለማወቅ የአርኪሜዲስን ዘዴ ተጠቀምኩ፦ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ማድረግ፣ ዕቃውን በክር አንጠልጥሎ የብርጭቆውን ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ ማስጠም። ሚዛኑ የሚያሳየው ዕቃው የያዘውን ቦታ ያህል ውኃ ነው። 0.87 አለ። 8.90 ለ0.87 ሲካፈል 10.2 ግድም ይመጣል። ንጹሕ ብር 10.5 ነው፣ ነሐስ 8.5 አካባቢ። 10.2 የሚሰጠው ከሺህ 833ቱ ብር ሆኖ የተረፈው መዳብ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ የጠገራ ብር ቅይጥ ነው፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ መቼም ይመታ መቼ ሁሌ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የሚጻፍበት። በ1937 ዓ.ም. የራሳችን አዲስ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ትልቁ መገበያያችን እሱ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ባላገሩ ቶሎ አልተወውም። አንጥረኛው የሰው መስቀልና አልቦ የሚሠራው እሱኑ እያቀለጠ ነው።

አንድ ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል። ለሦስት ሲካፈል 9.36። የኔዋ ግማሽ ግራም ጎደላት እንጂ ሢሶ ልትሆን ምንም አልቀራትም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ወንበሬ ላይ ጨፈርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ጠዋት ለእናቴ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ስለ ውኃው ሳይቀር።

በትዕግሥት አዳመጠችኝና «እና ምንድን ናት?» አለች።

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ሱቁን ወደ ሌላ ሰፈር ያዞረ አንድ ወርቅ ቤት ጋም ሄጃለሁ። «የድሮ ጌጥ ነው፣ በግራም እንገዛለን» ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረም።

እዚህ ላይ ስለ መጨረሻዎቹ ቀኖች መናገር አለብኝ። አያቴ ከሆስፒታል ወጥታ እኛ ቤት የቆየችው ዘጠኝ ቀን ነው። ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። መንዝ እያለች ስደውልላት እጮኻለሁ፣ እሷ «እ?» ትላለች፣ ደግሜ እጮኻለሁ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አንቆይም ነበር። «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብዬ እዘጋለሁ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ብዙ አልተናገረችም። የምትናገረው አንድ ነገር ነበር። እጇ አንገቷን እየዳበሰ «መውጫዬን… መውጫዬን» ትላለች። እናቴ ውጭ ወጥታ አለቀሰች። ከዚያ የንስሐ አባቷን አስጠራች፣ ጸሎተ ቀንዲል ተደረሰላት። መስቀሏን ስናስይዛት ትለቀዋለች፤ አቅም አንሷት ነው አልን። ዱባይ ላለችው እህቴ ልልክላት በስልኬ 40 ሰከንድ ቀርጫታለሁ። ለልቅሶ ለመጣው ሁሉ እናቴ ስትነግር የሰነበተችው ይህንኑ ነው፦ «መውጫዬን አሳምርልኝ እያለች፣ ነፍሷን አውቃ፣ ለምና ሄደች።» «አሳምርልኝ» የሚለውን የጨመረችው እናቴ ናት። ያጽናናት እሱ ነበር።

ለአርባዋ ተዝካር መንዝ ስንሄድ ይቺን ነገር ኪሴ ይዤ ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ እናቴ ጠላ ስታስቀዳ፣ እኔ የአያቴ የማኅበር ጓደኛ የነበሩ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይናቸው ደክሟል። መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ያዟት፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ሰበር አደረጉ፣ ማንኪያዋን ወደ ግራ ጆሯቸው ወሰዷት። እንደማይገባ ያወቁት ያኔ መሰለኝ፣ እጃቸው አየር ላይ ቆመና ሳቁ።

«ኩክ ማውጫ ናታ! የሷ ናት።»

እኔ ከአንድ ሳምንት በላይ የፈጀሁበትን።

«ሦስት ነበርን» አሉ። «አንድ ጠገራ ብር አዋጥተን አንጥረኛው ዘንድ ሄድን። ለሦስት ከፈለልን፤ መቼም የእጁንም ቆንጠር ሳያደርግ አልቀረ።» (ግማሿ ግራም!) «የአንዷ አብራት ተቀበረች። የኔዋን በ77 ለእህል ሸጥኳት።» እንዴት እንደሚሠሩበት ስጠይቃቸው እንደ ሞኝ አዩኝ። «ጭን ላይ ጋደም ተብሎ ነዋ። እሑድ እሑድ እሷ የኔን፣ እኔ የሷን። ወሬ ሁሉ የሚወራው ያኔ ነው።» ጃፓኖችም ሚሚካኪ የሚሏት እንዲህ ያለች ማንኪያ አለቻቸው፤ እነሱም ጭን ላይ ጋደም ብለው ነው የሚያስወጡት። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው።

ከዚያ እናትየው ብሯን እየመለሱልኝ፣ «እሷማ ያለ ማውጫዋ እንቅልፍም አይወስዳት» አሉ።

ማውጫዋ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ማዳመጫ ሰክቼ ደጋገምኩት፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩት። አያስፈልግም ነበር፤ ጥርት ያለ ነው። «ማውጫዬን።» በፊደል አንዲት እግር ናት ልዩነቷ። እጇም አንገቷን የሚዳብሰው አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገናኝታ፣ ቀጭን ነገር እንደያዘ ሰው ነው። መስቀሉን የምትለቀው መስቀሉን ስላልጠየቀች ነው።

ለእናቴ ሳልነግራት ሁለት ሳምንት አለፈ። ማንኪያ ናት ብዬ ልተወው አሰብኩ። ግን እሑድ ለካህኑ ልታስረክባት ቀጠሮ ይዛለች፤ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ ማድ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ዕርፈ መስቀል አይደለችም። የጆሮ ኩክ ማውጫ ናት።»

«ማን አለህ?» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ እፎይ ብላ ነበር። ከዚያ ቢላዋው ቆመ። «ማውጫ» አለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን እንድሰጣት ዘረጋችልኝ።

ሦስት ጊዜ አየችው።

«ጆሮዋን በልቷት ነው» አለች። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጆሮዋን በልቷት፣ እኔ ቄስ አመጣሁባት።»

የቄሱ መምጣትም እኮ ክፉ አልነበረም ምናምን አልኩ። «እሱማ መምጣት ነበረበት» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አልያዘቻትም። በሎሚና በአመድ ፈትጋ አጠበቻትና የራሷ ማተብ ላይ ከመስቀሏ ሥር አሰረቻት። ሐኪሞች ጆሮ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ እንደሚሉ፣ ኩክ በራሱ ጊዜ እንደሚወጣ ነገርኳት። ሰማችኝ። ማታ ዜና እያየን ማተቧን ፈትታ እጄ ላይ አኖረችና ሶፋው ላይ ጭኔን ተንተርሳ ጋደም አለች።

«ከአፉ ላይ ብቻ» አለችኝ። «ቀስ ብለህ።»