በሩ ሲከፈት ያበቃው በረራ

ከኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ እስከ ጀርመኑ የኮሎኝ/ቦን ኤርፖርት ያለው የአየር ርቀት 545 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በወረቀት ስሌት በ40 ደቂቃ ግድም ይጨርሰዋል። የበረራ ሰሌዳዎች ግን ለእንዲህ ያለው መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይመድባሉ።

ትርፉ ጊዜ የት ይገባል? የሰሌዳው ሰዓት የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ መድረሻው ላይ ዳግም እስኪቆም ድረስ ነው። በመሃሉ ማኮብኮቢያው ላይ ተራ መጠበቅ፣ ቀስ ብሎ ከፍታ መያዝ፣ ለማረፍ መዞርና በመሬት መንዳት አለ። በአምስተርዳሙ ስኺፖል፣ ፖልደርባን በተባለው ማኮብኮቢያ ያረፈ አውሮፕላን ተርሚናሉ ዘንድ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ሊነዳ ይችላል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ አለ፤ በሳልዝበርግና በኮሎኝ መካከል እንኳ የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት ያለያያል።

እነዚህ ደቂቃዎች አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 አንድ የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ከሳልዝበርግ የተነሣው 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ዘግይቶ ነበር። ኮሎኝ/ቦን ላይ ጎማው መሬት ሲነካ መዘግየቱ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ፤ ማቆሚያው ሲደርስ ደግሞ 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ። በሩ የተከፈተው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለዘገየ በረራ ካሳ የሚያሰጠው ወሰን 3 ሰዓት ነው። አየር መንገዱ «ደረሰ የሚባለው ጎማው ሲያርፍ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ አንድ መንገደኛ ግን 250 ዩሮ ካሳ ጠየቀ።

የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረደ፦ በረራ ደረሰ የሚባለው ቢያንስ አንዱ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው። ምክንያቱም መንገደኛው እስከዚያ ድረስ በዝግ ቦታ፣ በአየር መንገዱ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ከውጭው ዓለም ጋር የመገናኘት ዕድሉም ጠባብ ነው። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው። ቀጠሮ ያለበት፣ ታማሚ የሚጠብቀው ወይም ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ሰው ጎማው አስፋልት ስለነካ ብቻ ጊዜው ወደ እጁ አይመለስም።

ርቀቱም ቢሆን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 261 ካሳውን በኪሎ ሜትር ከፋፍሎታል፦ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ 400፣ ከኅብረቱ ውጭ ለሚደረግ ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ 600። የሚለካው አብራሪው በተጓዘበት ጠመዝማዛ መንገድ ሳይሆን በምድር ክብ ገጽ ላይ ባለው አጭሩ መስመር ነው። እንደ ከባድ የአየር ጠባይ ያለ፣ አየር መንገዱ ሊያስቀረው የማይችል ምክንያት ሲኖር ግን ካሳው ይቀራል።

በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ ደንብ እነሱንም እንደሚመለከት አያውቁም፤ ማወቅ ግን ይገባቸዋል። ደንቡ ከኅብረቱ ኤርፖርት በሚነሣ በረራ ሁሉ ላይ ይሠራል፤ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን። ከፍራንክፈርት ወይም ከሮም አዲስ አበባ ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የሚገባው በ600 ዩሮው እርከን ነው፤ መዘግየቱ ከ4 ሰዓት በታች ከሆነ ገንዘቡ በግማሽ ሊቀነስ ይችላል። በመልሱ ጉዞ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት፣ ደንቡ የሚሠራው በረራው የኅብረቱ አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው።