ከጥቅምት እስከ ጥምቀት በደብረ ብርሃን

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል ከምን እንደመጣ በደንብ እንዲገባዎት ከፈለጉ፣ በዚህ ወቅት ደብረ ብርሃን ሄደው አንድ ሌሊት ይደሩ። ከአዲስ አበባ ተነስተው ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ከተማዋን ያገኟታል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ነዋሪዎቿን ይበልጥ የሚያስፈራቸው ግን ዝናባማው ክረምት አይደለም። ብርዱ የሚጠነክረው ደመናው ተገፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው።

ባለፈው ኅዳር ሁለት ሌሊት ያደርኩት ከዚህ ብርድ ጋር አብረው ካረጁ ባልና ሚስት ቤት ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ ሰፈርተኛው እንደሚጠራቸው ጋሼና እትዬ እንበላቸው። ጋሼ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። እትዬ ደግሞ በከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ በፈትል ክፍል ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። ልጆቻቸው ሁሉም አዲስ አበባ ይኖራሉ። እርስዎም ደጋ ላይ የሚኖሩ ወላጆች ካሉዎት፣ «ከዚያ ብርድ እናውጣቸው ወይስ እንተዋቸው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይሆንብዎትም። በዚህ ቤትም ጥያቄው በየዓመቱ ከጥቅምት ጋር ይመጣል።

ጋሼ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ማታ አጥሩ ላይ ያስቀመጡትን ውሃ የያዘ ሳህን በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። ውሃው በረዶ ሠርቶ ከሆነ በደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ በር ላይ ከሰቀሉት ቴርሞሜትር ያነበቡትንም ቁጥር ከጎኑ ይጽፋሉ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሞሏቸው ደብተሮች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል።

«ደመና የመሬት ጋቢ ነው» አሉኝ፣ ተማሪ ፊት እንደቆሙ ሁሉ። «ሰማዩ ሲጠራ መሬት ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ወደ ላይ ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ውርጭ ከተዳፋቱ ይልቅ ሜዳ ላይ ያለውን ባቄላ የሚመታው።»

ይህ እውቀት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ምሽት ላይ ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ጋሼ፣ ዛሬስ ይጥላል?» ይሏቸዋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ካለ፣ ድንች የተከለ ሁሉ ጭድ ይዞ ይወጣል። ጎመኑን ግን አይሸፍኑትም። ጎመን ብርድ ሲነካው ከመቀዝቀዝ ራሱን ለመከላከል በቅጠሉ ውስጥ ስኳር ስለሚጨምር፣ ከውርጭ በኋላ ይጣፍጣል። እኔም ቀምሼ አረጋግጫለሁ።

ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቅንጬው ተበልቶ ቡናው ወደ ግድግዳው ጥግ ይወጣል። እትዬ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የመንዝ በግ ጠጉር ያባዛሉ፤ ከዚያ እንዝርቱን ያሾራሉ። ፋብሪካ ውስጥ ዘመናቸውን ሙሉ ሲፈትል ያዩት ማሽን ነበር፤ አሁን የሚፈትሉት እንደ እናታቸው በእጃቸው ነው። ፈትሉ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጡና ባና ይሆናል። ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ አንድ ባና ሊያደርሱ ቃል ገብተዋል። ሦስቱን ጨርሰዋል፤ አራተኛው እንዝርት ላይ ነው።

ከሰዓት ገበጣ ይጫወታሉ። ጋሼ ይሸነፋሉ። «አንቱ ደመና ሲቆጥሩ እኔ ጠጠር እቆጥራለሁ» ይሏቸዋል እትዬ። በወር አንዴ ደግሞ ወደ አንኮበር ይወጣሉ፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት በነገሡባት በዚያች የድሮ ከተማ ጫፍ ላይ ቆመው፣ እስከ አፋር ቆላ የሚዘልቀውን አገር ቁልቁል ያያሉ። ገደሉ አጠገብ ጭላዳዎች ፀሐይ እየሞቁ ሣር ሲነጩ ካገኙ፣ «እኛም ይኸው ነው ሥራችን» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ማታ ከሰል ይቀጣጠላል። ከመተኛታቸው በፊት ግን ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣት የጋሼ ሥራ ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ይህን ለወላጆችዎም ሳይነግሩ አይለፉ።

ይህን ሁሉ ሳይ ብርዱ ቀላል መስሎኝ ነበር። አይደለም። አምና እትዬ በታኅሣሥ ሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። እንደወጡ ልጆቻቸው ሁለቱንም አዲስ አበባ አመጧቸው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ሞቃት ነበር፤ ምግቡም ሳይጠየቅ ይቀርባል። ጋሼ ግን ቀን ቀን መተኛት ጀመሩ። እትዬ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ። «ልጆቼ አላጎደሉብኝም» አሉኝ። «ጠዋት የምነሳለት ነገር ነው ያጣሁት።» በሁለተኛው ወር መጨረሻ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ዘንድሮ ቤተሰቡ ተነጋግሮ ተስማምቷል። የእትዬ ሳል ከአንድ ሳምንት ካለፈ ያለ ክርክር ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ ውረዱ ካለ ይወርዳሉ። ካልሆነ ግን እስከ ጥምቀት ማንም የአዲስ አበባን ነገር አያነሳም። የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍተት ተደፍኗል፤ ወፍራም ፍራሽም ገብቷል። ልጆቹ ብርዱን መቀነስ የሚቻለው ወላጆችን በማንሳት ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

እርስዎም ወላጆችዎን «እኔ ጋ ኑ» ከማለትዎ በፊት፣ በዚህ ወር ሁለት ቀን ወስደው ቤታቸው ይደሩ። ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ ልጆችዎንም ይዘው ይሂዱ። የት እንደሚኖሩ ከመወሰንዎ በፊት ጠዋት ሲነሱ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ማን ምን ሊጠይቃቸው እንደሚመጣ ይመልከቱ። ከዚያ የሚወስኑት ውሳኔ ምንም ይሁን ምን፣ አውቀው ይወስናሉ።

በሄድኩበት ሁለተኛ ጠዋት የጋሼ ስልክ ጮኸ። ትልቋ ልጃቸው ናት፤ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ትደውላለች። ጋሼ ደብተሩን ገልጠው «ከዜሮ በታች ሁለት፤ ሳህኑ ደርቋል» አሏት። እሷ ግን ስለ ሳህኑ አልጠየቀችም።

«አባዬ፣ እማዬ ሌሊት ሳለች?»

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ስልኩን እንደያዙ እንዝርቱ ወደሚሾርበት የግድግዳ ጥግ ሄዱና ለእትዬ አቀበሏቸው።