23 ኪሎ

ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛው «አገሩ እንዴት ነው?» ሲሆን ሁለተኛው «ምን ይዘህልን መጣህ?» ነው። ስለ መንገዱ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደግሞ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ መንገዱ ነው፤ ያውም ስለ መመለሻው።

ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ያህል ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ዘንድ ከርሜ ነበር። ስሄድ ሁለቱ ሻንጣዎቼ የያዙት በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ነው። እዚያ በየመንገዱ ዳር የሐበሻ ሱቅ ሞልቶ፣ እንጀራው ተደርድሮ ሳይ «ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አሸከመኝ?» ብዬ ነበር። ባለቤቴን እንዲህ ብላችሁ እንዳትጠይቋት። የሱቅ ሽሮና የቤት ሽሮ አንድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

ስመለስ ግን ሻንጣዎቹ የእኔ መሆናቸው ቀረ። «ጋሼ ሊገቡ ነው» የሚለው ወሬ ከተሰማ በኋላ የልጄ ቤት በር አላርፍ አለ። ቫይታሚን፣ የጉልበት ቅባት፣ የሕፃን ጫማ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ በፍሬም የገባ የምረቃ ፎቶግራፍ... ሁሉም ዕቃውን ሲያቀብል አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚናገረው፦ «ቀላል ናት፣ ምንም አትከብድም።» እውነት ነው፣ አንዷ አትከብድም። ሃያ «ቀላል ናት» ሲደመር ግን ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ሚዛኑ ብቻ ነው። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ለቃቅሜ የገዛኋቸውን አሥራ አንድ መጻሕፍት አንድ በአንድ እያወጣሁ ልጄ መደርደሪያ ላይ መለስኩ። መጽሐፍ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም።

ልንዘጋ ስንል አንድ ወጣት መጣ። ታክሲ ይነዳል። አገሩን ካየ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ የጥገኝነት ወረቀቱ ገና ስላልተወሰነለት ወጥቶ መመለስ አይችልም። ያመጣው ለእናቱ የገዛውን ጫማ ነው፤ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ ሶሉ ወፈር ያለ። የእናቱ እግር ያብጣል። ልኩን እህቱ በክር ለክታ፣ ክሩን በማስመሪያ አስልታ፣ ሴንቲ ሜትሩን በስልክ ነግራዋለች። «አሁን እንጦጦ ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አትይዝም አሉኝ። ስትወጣ ይድረስላት ጋሼ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለሚያ ታድርገው» አለኝ። ካርቶኑ ቦታ ስለያዘ አወጣነው። ባዶውን ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ ሄደ።

ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ የጠበቀን ያው የታወቀው ትርኢት ነው። ወገኖቼ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ሻንጣቸውን ከፍተው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ያገላብጣሉ። የእኔም አንደኛው ሻንጣ ከልኩ አንድ ኪሎ ተኩል አልፎ ተገኘ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ለበስኩ፤ የደም ግፊት መለኪያውን ኮት ኪሴ ከተትኩ። ነሐሴን በላብ ባሳለፍኩበት አገር፣ ጳጉሜን 2 ቀን እንደ ብርድ አገር ሰው ተጀቡኜ ተሳፈርኩ።

መሄጃውና መመለሻው ለየቅል ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ተሸክሞ ከዚያ መነሳት ይከብደዋል። ሲመለስ ግን ከዝቅተኛው ምድር ጠግቦ ተነስቶ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ ይበራል፤ 13 ሰዓት ያህል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። «ወደ አገር ሲሆን አውሮፕላኑም አያርፍም» ብዬ ለራሴ ቀለድኩ።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት የልጃቸውን አራስ ጠይቀው፣ ስድስት ወር ሕፃን አቅፈው የሚመለሱ ናቸው። የእጅ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳያሸልቡ፣ «ደረስን?» ይሉኛል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ተነስተን ገና ሁለተኛው ምግብ ሳይመጣ ጨለመ። ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ቀኑ ያጥርበታል። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ሲለኝ የዚያ ልጅ እናት ትዝ አሉኝ።

ቦሌ ስንደርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ያካፋል። መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ እልልታው ቀለጠ። ጎረቤቴም ቦርሳቸውን ለቀቁና «ተመስገን» አሉ። እኔም መንገዴ ያለቀ መሰለኝ።

ባለ አደራዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ተሰልፈው መጥተው ዕቃቸውን ወሰዱ። ጫማውን የሚወስድ ግን ጠፋ። ስልክ ብደውል አይነሳም። ጳጉሜን 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጫማውን በፌስታል ይዤ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ እህቱ ጥቁር ለብሳለች። እኔን ስታይ ሳይሆን ፌስታሉን ስታይ ነው ያለቀሰችው።

እናታቸው ካረፉ አሥራ ስምንት ቀን ሆኗቸዋል። ቀኑን ቆጠርኩት። ልጁ ጫማውን ሲሰጠኝ ተቀብረው ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነበር። ጠበል የተባለው መሸፈኛ ነው። «ከሌላ ስቴት የሚመጣ አብሮ አደጉን እየጠበቁ ነው። የፊታችን እሑድ ንጋት ላይ ተሰብስበው ይነግሩታል። አደራዎን ጋሼ፣ ቢደውልልዎት እንዳይነግሩት» አለችኝ። አንዱን አደራ አድርሼ ሌላ ተቀብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ፣ መስከረም 1፣ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ! አደራዬን አደረሱልኝ?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። አድርሻለሁ፤ እህትህ ተቀብላኛለች።»

«ልክ ሆነላት?»

ከሠላሳ ዓመት በላይ በቃላት እንጀራዬን በልቻለሁ። በዚያች ደቂቃ አንድም አልተገኘልኝም። «ጥሩ ጫማ ነው» አልኩት።

መርዶን የሚያጣጥል ሰው አይደለሁም። ሰው ብቻውን ሳለ እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ውሃ የሚያቀብለው እንዳይጠፋ የተሠራ ሥርዓት ነው። ይህ ልጅ ደግሞ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ነው፤ አውራ ጎዳና መሀል «እናትህ አርፋለች» ቢባል ምን ሊሆን ነው? ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን የሟች እናቱን እግር ልክ ይዞ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር፣ ከእሱ በስተቀር ዙሪያውን ያለው ሁሉ ማወቁም ይከነክነኛል። አስቀድሜ ደውዬ ባጣራ ኖሮ እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ አጣርቼ ቢሆን ጫማውን ከእጁ በምን ፊት እቀበለው ነበር?

በማስተምርበት ዘመን የሆሜርን ኦዲሴ በየዓመቱ አስተምር ነበር። ሰውዬው ከጦርነት ወደ ቤቱ ለመመለስ 10 ዓመት ይፈጅበታል። ተማሪዎቼ የሚወዱት ባለ አንድ ዓይኑን ጭራቅ ነበር። በ11ኛው ክፍል ኦዲሲየስ የሙታን ዓለም ደርሶ ከሙታኑ መካከል እናቱን ያያል። ሲሄድ በሕይወት ነበረች፤ መሞቷን የነገረው የለም። እኔ ይህን ክፍል ለፈተና አይመጣም ብዬ በአጭሩ አልፈው ነበር። ዛሬ ያንን ክፍል ደግሜ ማስተማር ብችል ደስ ይለኛል።

መርዶው በተባለው እሑድ ተነገረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ።

«ያውቁ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ይወቅሰኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወቀሰኝም። «እህቴ ጫማውን ለጎረቤት ልሰጠው ነው አለችኝ። አትስጪ ይበሉልኝ። እኔ እስክመጣ ይቀመጥ» አለኝ።

ወረቀቱ መቼ እንደሚወሰን እሱም አያውቅም። እኔ ደግሞ በየደረስኩበት «13 ሰዓት ሙሉ ሳንወርድ!» እያልኩ የመንገዴን ርዝመት ሳወራ ሰንብቻለሁ። አሁን ትቼዋለሁ። ለእህቱ ነግሬያታለሁ፤ ጫማው ሽሮ ሜዳ፣ እናታቸው ይተኙበት የነበረ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ካርቶኑ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።