በደብዛዛ ብርሃን የተነሣ ፎቶ



በቅርቡ አንድ ወንድም “ፓስተር ካሜራ ይዞ ጭፈራ ቤት ምን ይሠራል?” ብሎ ጠይቆን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭፈራ ቤት አልነበረም እንጂ፣ ጭፈራስ ነበር።

ነሐሴ 16 ሲደርስ በራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጨፍራሉ። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው በእኛ አካባቢ ሶለል ነው። ቀኑ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከሽማግሌዎቻችን አንዳንዶቹ የወንጌል አገልጋይ እዚያ መታየት የለበትም ይላሉ። ክርክራቸውን አናቃልልም። ነገር ግን የሚጨፍሩት የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦና በሮቢት ላይ ሲመላለስ በአንድ ጓዳ አብረናቸው የተደበቅን ነን። “ፎቶ አንሡን” ብለው ሲጠሩን እምቢ ማለት አልሆነልንም።

ማታ የተሰበሰቡበት ቤት ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ሃምሳ ሰው ከገባ ይጨናነቃል። መብራት በመጣበት ቀን አንድ የሸምበቆ አምፖል አለ። በመጀመሪያው ምሽት ፍላሽ ተጠቀምን፤ አበላሸነው። በቅቤ የወዛው ፀጉር ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ከልጆቹ ኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ዋጠው፣ ጭፈራውም ተደናቀፈ። ዳር ቁጭ ብለው የሚያጨበጭቡ አንዲት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጋርደው “ልጄ፣ አሳወርኸን እኮ” አሉን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ “ልጄ” መባል ደስ ይላል፤ ግን አፈርን።

ፍላሹን አጥፍተን እንደ አዲስ መማር ጀመርን። ጨለማ ቤት ውስጥ የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው መከፈት አለበት። ባለ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 የሚባለው ርካሽ ሌንስ ለዚህ ይበቃል፤ ዙም ስለሌለው መቅረብ የፈለገ በእግሩ ይቀርባል። አይ ኤስ ኦውን 3200፣ አንዳንዴም 6400 አደረስነው። ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ይሁን። አምፖሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። ሸተሩን 1/250 ስናደርገው አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ሌላው ጨለማ፣ ሌላው ግማሹ የከሰለ ሆነ። 1/100 ላይ ተስተካከለ። ነገር ግን 1/100 የምትዘልን ልጅ አያስቆምም። መላው ምንድን ነው? የዘለለ ሰው ወደ ላይ መውጣቱን ጨርሶ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ለቅጽበት ቀጥ የሚልበት ቦታ አለ። ከበሮውን ካዳመጡ ያ ቅጽበት መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል። ትከሻን ግድግዳ ላይ ደግፎ፣ ትንፋሽ አውጥቶ፣ ያኔ መጫን ነው። ከሃያ አንዱ ይሳካል።

አዲስ አበባ ነገረ መለኮት ስንማር ካዛንቺስ በነበሩት የአዝማሪ ቤቶች በራፍ ስናልፍ እርምጃችንን እናፈጥን ነበር። ከእነዚያ አንዱን ዳንሰኛው መላኩ በላይ ፈንድቃ የባህል ማዕከል ብሎ ለዓለም እንዳስተዋወቀው በኋላ ሰማን። ዛሬም አዝማሪ ቤት አንገባም። ግን ያኔ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጠላታችን ይመስለን እንደነበር መናገር አለብን።

ትምህርቱን ወደ ቤታችንም አመጣነው። ቅዳሜ ማታ የወጣቶች ድራማና ዝማሬ በአዳራሻችን ይቀርባል፤ ብርሃኑ ከዚያኛው ቤት አይሻልም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ስለ ጢሮአዳ ሰገነት ስናነብ ብዙ መብራት እንደነበረበት እናገኛለን። እንዲያም ሆኖ አውጤኪስ እንቅልፍ ጥሎት በመስኮት ወደቀ። (ስብከት ስናስረዝም ወጣቶቹ ይህን ክፍል ያስታውሱናል።)

አንድ ቅዳሜ የጠፋው ልጅ ድራማ ቀረበ። አባትየው እየሮጠ ሲወጣ፣ ከመድረኩ የተረፈው ብርሃን ኋለኛው አግዳሚ ላይ በተቀመጠ አንድ ወጣት ፊት ላይ አረፈ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። አነሣነው። በሕይወታችን ካነሣነው ሁሉ የተሻለ ፎቶ ነው። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያናችን ገጽ ላይ ለጠፍነው።

ወጣቱ ገና በመፈለግ ላይ ነበር፤ የቤተሰቡ እምነት ሌላ ነው፤ ወደ እኛ መምጣቱን ማንም አያውቅም ነበር። ፎቶውን አጎቱ አየው። በዚያው ሳምንት ልጁ ከቤት ወጣ። አራት ወር ዕቃ ቤታችን ውስጥ ተኛ፤ የዚያን ዓመት ፈተናም ሳይቀመጥ ቀረ። ፎቶውን ወዲያው አጠፋነው፤ ምን ዋጋ አለው፣ በሰው ስልክ ሁሉ ገብቷል። ይቅርታ ስንጠይቀው ዝም ብሎ ቆየና “ፎቶው ግን ቆንጆ ነው፣ ፓስተር” አለን። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

ይህን ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተይዘው ሲወሰዱ ልጆች ነበርን። በጉርምስናችን፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት፣ በየቤቱ መጋረጃ ዘግተን በሹክሹክታ ዘምረናል። ከዚያ ዘመን አንድም የስብሰባ ፎቶ የለንም። ፎቶ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ እስር ቤት ያስገባል። ከእነዚያ ወገኖች የአንዳንዶቹን ፊት አሁን ማስታወስ ያቅተናል፤ እንደ ኪሳራ ስንቆጥረው ኖረናል። እንዳንያዝ ጠብቆን እንደነበር የረሳነው ካሜራ ስንገዛ ነው።

አሁን ፕሮግራም ሳይጀመር እንናገራለን፤ በግራ በኩል ያሉት አግዳሚዎች አይነሡም፤ መድረኩን ብቻ እናነሣለን። አንዳንድ ምእመናን ቅር ብሏቸዋል። የሌሎች ገጽ በሰው የተሞላ አዳራሽ ያሳያል፣ የእኛ ባዶ ይመስላል ይላሉ። ይምሰል። የሰው ፊት የአገልግሎታችን ማስታወቂያ ሲሆን እንዴት እንደሚያልቅ አይተናል።

ባለፈው ነሐሴ ደግመን ሶለል አነሣን። በሳምንቱ ያ ወጣት በራችንን አንኳኳ። ከጨፋሪዎቹ አንዷ ታናሽ እኅቱ ናት። “አሳጥበው ይሰጡኛል? ለእናቴ ነው” አለን። ቆቦ ሄደን ትልቁን አሳጠብንለት፤ ልጅቱ አየር ላይ ነች፣ እግሯ ትንሽ ደብዝዟል፣ ፊቷ ግን ጥርት ብሏል። እናትየው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ቡና ጠጡ ብለውም ልጁን ልከው አስጠሩን። አባትየው ውጭ ቆዩ። ልጁ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ስኒ ያቀብላል፣ ከመስኮቱ የምሽት ብርሃን ፊቱ ላይ ወርዷል። ካሜራው ቦርሳችን ውስጥ ነበር። አላወጣነውም።