ሸክላው እሳት ከገባ በኋላ

ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ አዲስ አበቤ ማግኘት ይከብዳል። ይህን የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ወረፋውን ጥሎ ይሄዳል። ሲስተም ግን እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ሰው የሠራው፣ ሰው የሚቀይረው ነው።

ቀጨኔን እንውሰድ። ጀበናና ምጣድ የሚሠሩት የሰፈሩ እናቶች ለዘመናት የሸጡት በጥሬ ገንዘብ ነው። ዛሬ ገዢው ስልኩን ያወጣል፤ የክፍያው መልእክት እስኪገባ ጀበናው ከሻጯ እጅ አይወጣም። ከመልእክቱ ጀርባ ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ትልልቅ አገልግሎቶች የሚሠሩት «ክላስተር» በሚባል የሰርቨሮች ስብስብ ነው። የዝውውር ጣሪያው ስንት ነው? ቀሪ ሒሳብ የሚጣራው የት ነው? እንዲህ ያለው ቅንብር «ኮንፊገሬሽን» ይባላል። ግማሾቹ ሰርቨሮች አዲሱን ጣሪያ፣ ግማሾቹ አሮጌውን ይዘው ከቀሩ አንድ ደንበኛ ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ያገኛል።

ይህን ቅንብር ለመቀየር የሚያገለግለው በር ኤፒአይ ነው። እንደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት ቁጠሩት፤ ምን ይዞ መቅረብ እንደሚገባና ምን መልስ እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቃል። ጎግል በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የለቀቀው ኩበርኔቲስ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅንብሩን የሚያስቀምጠው ኢቲሲዲ በተባለ መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡን 5 ማሽኖች ከያዙት ቢያንስ 3ቱ ካልተስማሙ አዲስ ነገር አይጻፍም። ተጠቃሚው «ይህን አድርግ፣ ከዚያ ያንን» እያለ አያዝም፤ «እንዲህ ሆኖ ማየት እፈልጋለሁ» ይላል፣ ቀሪውን ሲስተሙ ይሠራል። እያንዳንዱ መዝገብ የእትም ቁጥር አለው። ሁለት ባለሙያዎች አንድ መዝገብ በአንድ ጊዜ ቢያርሙ፣ አሮጌውን እትም ይዞ የዘገየው ይመለሳል እንጂ የባልደረባውን ሥራ ሳያውቅ አያጠፋም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የቅንጦት አይደለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት፣ ችግሩም ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታወቀ። ሌባ በር ሰብሮ አልገባም፤ ጉዳቱ የመጣው ከቤት ውስጥ፣ ከመደበኛ ሥራ ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 5 ቀን 2015፣ ሬዲት የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ድረ ገጽ ለ314 ደቂቃ ተቋርጧል። መነሻው ከኩበርኔቲስ የወጣ አንድ ስም ነው። «ማስተር» የሚለው መለያ ቀርቶ በሌላ እንደሚተካ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። በሬዲት አንድ ክላስተር ውስጥ ግን የኔትወርኩ ቅንብር አሁንም አሮጌውን ስም ይፈልግ ነበር። ማሻሻያው ሲገባ ስሙ ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮት ወደቀ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ ወረዳ እየተባለ መዋቅሯ በተቀያየረ ቁጥር የድሮው ቁጥር በካርታው፣ በመታወቂያውና በእድሩ መዝገብ ላይ ይቀራል። ቁጥሩን የቀየረው ክፍል ሥራውን በአንድ ውሳኔ ይጨርሳል፤ አሮጌውንና አዲሱን ለማገናኘት ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተተው ነዋሪው ነው። ለሕዝብ የተሰጠ ስም ቃል ኪዳን ነው። ማን እንደተማመነበት ሰጪው ሁሉንም ሊያውቅ አይችልም።

አሁን አገሪቱ እንዲህ ያሉ ቃል ኪዳኖችን በብዛት እየገባች ነው። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ ይሠራል፤ ባንኮችም ሲስተማቸውን ከሌሎች ጋር እያስተሳሰሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መተግበሪያው ያምራል ወይ ብቻ መሆን የለበትም። ለውጡ ከመጽደቁ በፊት ምን እንደሚቀየር ያሳያል? መጀመሪያ በጥቂት ሰርቨሮች ላይ ይሞከራል? ከተበላሸ ወደ ነበረበት በደቂቃዎች ይመለሳል? ማን፣ መቼ እንደቀየረው ተመዝግቧል? አሮጌው እትም እስከ መቼ አብሮ እንደሚቆይ ተነግሯል?

እነዚህ ጥያቄዎች ሥራ ያዘገያሉ የሚል ባለሙያ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያዘገያሉ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪም ጭቃው እርጥብ ሳለ ጊዜ ትወስዳለች፤ አፉ ቢጣመም ታቃናዋለች፣ ካልወደደችው አፍርሳ እንደገና ትሠራዋለች። እሳት ከነካው በኋላ ግን ያለው ምርጫ እንዳለ መያዝ ወይም መስበር ነው። ኤፒአይም ለሕዝብ የተለቀቀ ዕለት እሳት ገባ ማለት ነው። ልዩነቱ ጀበና ሲሰበር ኪሳራው የሠሪዋ መሆኑ ነው። ይህኛው ሲሰበር የሚከስሩት በሥራው ላይ ያልነበሩት ናቸው።