በጨዋታ የተጻፈው ቁጥር

ሰኔ ለበጀት ሠራተኛ ፋታ የማይሰጥ ወር ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ በማግስቱ ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሥራ ላይ ይውላል። የምሠራበት ድርጅት የውኃ ፓምፕና መለዋወጫ ከውጭ ያስመጣል። በዕቅድና በጀት ክፍል ያለን ሰዎች ያን ሰሞን ምሳችንን የምንበላው ኮምፒውተር ላይ እንዳፈጠጥን ነው። በጀቱ ለቦርድ ከተላከ በኋላ ግን አንድ የቆየ ልማድ አለን። ቡና ይፈላል፤ እያንዳንዱ ሰው ስለ መጪው ዓመት የሚገምተውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፍና አጣጥፎ ባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ስም አይጻፍም። ጣሳው ገንዘብ ያዣችን ካዝና ውስጥ ተቆልፎበት ይከርምና በዓመቱ ሰኔ ይከፈታል።

ግምቶቹ የሳቅ ናቸው። «ሊፍቱ አንድ ወር ሙሉ ሳይበላሽ ይሠራል» ይላል አንዱ። «ከመካከላችን አንድ ሰው ያገባል፤ ሠርጉም ደመወዝ በገባ ማግስት ይሆናል» ይላል ሌላው። አርሴናል ዋንጫ ይበላል የሚል ወረቀት የጠፋበትን ዓመት አላስታውስም። ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው፤ እኔም ጨዋታውን የምወደው ለዚሁ ነበር።

የ2016 ሰኔ ሲደርስ ለ2017 በጀት ዓመት ያዘጋጀነው ሰንጠረዥ አንድ ዶላርን በ60 ብር አስቦ የተሠራ ነበር። ያን ጊዜ የባንኩ ተመን 57 ብር አካባቢ ነው። በየዓመቱ ብር ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርድ ስለነበር፣ ያንኑ ትንሽ ጨምረን ጻፍን። ለቦርድ ለማስረዳት የሚቀለው እሱ ነው። 60 ብለህ ብትጽፍ ማንም «ከየት አመጣኸው?» አይልህም። 100 ብለህ ብትጽፍ ግን ማስረጃ ትጠየቃለህ፣ የመሸጫ ዋጋው ሁሉ እንደገና መሠራት አለበት፣ ዓመታዊ ትርፉ በወረቀት ላይ ይጠፋል።

ምልክቱ ግን ሞልቶ ነበር። በጥቁር ገበያ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ይመነዘራል። በታኅሣሥ 2016 ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የሚደረገው ድርድር በየሻይ ቤቱ ይወራል። ብር በአንድ ጊዜ ሲወርድም አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ2002 ማብቂያ ወደ 17 በመቶ፣ በጥቅምት 2010 መባቻ ደግሞ 15 በመቶ እንዲወርድ ተደርጓል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን አስታወቀ። በጀታችን ሥራ ላይ ከዋለ ገና አራተኛ ሳምንቱን መያዙ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ንግድ ባንክ ዶላርን 74 ብር አስገባው፤ በነሐሴ መቶን አለፈ። በእኛ ሥራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። የ10,000 ዶላር ፓምፕ በሰንጠረዣችን 600,000 ብር ነበር። ዶላር 110 ሲገባ ያው ፓምፕ 1,100,000 ብር ሆነ። ፕሮፎርማ የሰጠናቸው ደንበኞች ደግሞ በቀድሞው ዋጋ ውሉን ፈርመው፣ ቀብድ ከፍለው ይጠብቃሉ። ገሚሶቹ ለመስኖ ገንዘብ ያዋጡ ገበሬዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ስልክ ላይ ያሳለፍናቸውን ቀናት ማስታወስ አሁንም ይከብደኛል።

ጣሳው በሰኔ 2017 ተከፈተ። ገንዘብ ያዣችን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየፈታች ታነባለች። ሊፍቱ፣ አርሴናል፣ ሠርጉ። ቀጥሎ «ዶላር 95 ይገባል» የሚል ወጣ። ቀጥሎ «ዶላር መቶን ይሻገራል፤ እኛም ከነበጀታችን ወንዝ ዳር እንቀራለን»። ሌላው ቁጥር ብቻ ነው፦ 105። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። 95 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ያንኑ ሳምንት ሰንጠረዡ ላይ 60 ያስገባሁትም እኔው ነኝ።

ጋሼ፣ የክፍላችን ኃላፊ፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን እያወቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። የሁላችን ታናሽ የሆነችው ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ መለሰች፦ «ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁን ሰንጠረዡ ይስማማል ወይ ብለው ነበር። ዶላር ስንት ይገባል ብለው አልጠየቁንም።» ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ቁራጭ ወረቀት ጠቆሙና «105 ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ያገኘሁትን ትምህርት እስካሁን ከየትኛውም ሥልጠና አላገኘሁም። ጣሳው ነቢይ አልነበረም፤ አብዛኛው ወረቀት እንደ ወትሮው ስቶ ነበር፣ ሊፍቱም አልሠራም። ቁም ነገሩ ሁላችንም ሁለት ሁለት ቁጥር ይዘን መክረማችን ነው፤ አንዱ የምንፈርምበት፣ አንዱ የምናምንበት። የምናምንበትን ያወጣነው ስም በማይጻፍበትና ማንም በማይጠይቀን ቦታ ብቻ ነበር። ይሉኝታ በቤትና በጎረቤት ብዙ ጠብ ያበርዳል፤ አከብረዋለሁ። በጀት ላይ ሲቀመጥ ግን ታናሹ ታላቁን ላለማሳፈር፣ ታላቁም ቦርዱን ላለማስደንገጥ ሲል የሚያውቀውን ይውጣል። የዋጡትን የሚከፍለው ደግሞ ቀብድ የከፈለው ገበሬ ነው።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ በአሜሪካ የገንዘብ ገበያ ባይረን ዊን የሚባል ሰው ከ1986 ጀምሮ በየአዲስ ዓመቱ 10 «አስገራሚ ነገሮች» እየዘረዘረ ያወጣ ነበር፤ በ2023 እስኪሞት ድረስ (ሁለቱም እንደ አውሮፓውያኑ)። የመረጣቸው ነገሮች ተራው ባለሀብት ከሦስት አንድ ዕድል ብቻ የሚሰጣቸው፣ እሱ ግን ከግማሽ በላይ ይሆናሉ ብሎ የሚያምናቸው ናቸው። የእኛ «መቶን ይሻገራል» ልክ ከዚህ ዓይነቱ ነበር። ልዩነቱ ዊን የራሱን በስሙ አሳተመ፤ እኛ የኛን ካዝና ውስጥ ቆለፍንበት።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል። ጣሳው የሚዞረው በጀቱ ከመሠራቱ በፊት በግንቦት ነው፤ ወረቀቶቹም ያኔውኑ ይነበባሉ። የሳቁ ይሳቅበታል። ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጭነት የተጻፈው ግን ሰንጠረዡ ላይ «ቢከፋ» በሚል ዓምድ ይገባል፤ ቦርዱም ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ያያል። ፕሮፎርማችን ላይም ዋጋው ስንት ቀን እንደሚጸና እንጽፋለን። ቦርዱ ይቆጣል ብለን ፈርተን ነበር፤ ያነሳው ጥያቄ ግን ይህ ዓምድ ቀድሞ ለምን አልነበረም የሚል ብቻ ነው።

እናንተም በዕቅድ ክፍል የምትሠሩ፣ የእቁብ ጸሐፊ የሆናችሁ፣ ወይም የቤተሰብ ወጪ የምታቅዱ፣ ቁጥሩን ከመወሰናችሁ በፊት ስም የሌለው ወረቀት አዙሩ። ወረቀቱን የምትሰበስቡት አለቆች ከሆናችሁ ደግሞ አደራችሁን፣ የእጅ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ አትሞክሩ።